ሊሊፖንድ ኖታውን ሲያዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

ሊሊፖንድ በተባለው የሙዚቃ ኖታ ማዘጋጃ ፕሮግራም ላይ ኖታ በማውዝ እየተጎተተ አይቀመጥም፤ በጽሑፍ ይጻፋል፣ ፕሮግራሙ ያንን አንብቦ ፒዲኤፍ ያወጣል። ስለዚህ ስህተቱ የተወለደበትና የታየበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያበደው ዜማ ምክንያቱ መጀመሪያው ገጽ ላይ የተረሳ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሎጉን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጽፈውን የመልእክት ዝርዝር፣ ሁሌም ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ፤ የታችኞቹ መልእክቶች በአብዛኛው የመጀመሪያው ልጆች ናቸው።

የባር መስመሮች ያለቦታቸው ይወድቃሉ፣ ሎጉ «ባርቼክ ፌይልድ» (የባር ፍተሻው አልተሳካም) ይላል

እኔን በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ቁጥር ያልተጻፈለት ኖታ የቀደመውን ኖታ ርዝመት ይወርሳል። በ4/4 ምት አንድ ባር ልትሞሉ ነው እንበል፦ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ሩብ። አራተኛው ኖታ ላይ 4 መጻፍ ከረሳችሁ እሱም ተከታዩም ስምንተኛ ሆነው ይቀራሉ፤ ድምሩ 3/4 ይሆናል። ሎጉ ላይ የምታዩት ቁጥርም ይኸው 3/4 ነው፤ ባሩ እዚህ ያልቃል ለማለት የምትጽፏት የባር መፈተሻ ቋሚ ጭረት (|) ላይ ሲደረስ ባሩ ምን ያህል ሞልቶ እንደነበር ይነግራችኋል። እንደ 1/8 ያለ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ ደግሞ በአብዛኛው ባሩ ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው።

ወጥመዱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። መዛባቱ በዚያው መጠን እስከቀጠለ ድረስ ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያውን አይደግምም። አንዴ ተናግሮ ዝም አለ ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ የቀረው ሙዚቃ በሙሉ በአንድ ሩብ ተንሸራቶ ታትሟል። ሌላ ቁጥር ይዞ ከተመለሰ ሌላ ስህተት ተጨምሯል። የመጀመሪያውን ብቻ አርማችሁ እንደገና አስኪዱት። ጭረቷን በየባሩ መጨረሻ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ያለሷ ረጅም ሥራ የሚጽፍ ሰው ግን ድፍረቱ ይገርመኛል።

ዜማው እየወጣ ከአምስቱ መስመር ያመልጣል

ሬላቲቭ የተባለው አጻጻፍ ውስጥ ናችሁ። እዚያ እያንዳንዱ ኖታ ከፊተኛው በቅርቡ ያለውን ኦክታቭ ይመርጣል። ከዶ ቀጥሎ ሶል ብትጽፉ ወደ ላይ አምስት፣ ወደ ታች አራት ደረጃ ስለሆነ የታችኛውን ይወስዳል። ሻርፕና ፍላት (ድምፅን በግማሽ ቶን የሚያነሱትና የሚያወርዱት ምልክቶች) በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። አንድ የኦክታቭ ምልክት ካጎደላችሁ ወይም ካበዛችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ይነሳል ወይም ይወርዳል። የመጀመሪያዋን ዝላይ ፈልጉ፤ እሷ ስትስተካከል የቀረው ራሱ ይመለሳል።

ናቹራል (ሻርፕን ወይም ፍላትን የሚሽር) ምልክት እንደ አሸን ይፈላል

የመነሻ ቁልፉን ፋ ሻርፕ ያለበትን ሬ ሜጀር ብላችሁ ፋን ተራ ፋ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ሊሊፖንድ የጻፋችሁትን ድምፅ ነው የሚያምነው፤ ፋ ሻርፕ ከፈለጋችሁ በየቦታው ፋ ሻርፕ ብላችሁ ጻፉ።

ግጥሙ ከኖታው አንድ እርምጃ ይቀድማል ወይም ይዘገያል

አንድ ቀለም (የቃሉ አንድ የድምፅ ክፍል) ለአንድ ኖታ ይታደላል። በስለር (የተለያዩ ኖታዎችን በሚያያይዘው ቅስት) ወይም በታይ (አንድ ዓይነት ኖታዎችን በሚያያይዘው ቅስት) የተያያዙ ኖታዎች ግን አንድ ቀለም ብቻ ይወስዳሉ፤ ስለሩን ከረሳችሁ ቀጣዩ ቀለም ቀድሞ ይመጣና እስከ መጨረሻው ይዛባል። ሁለተኛው ምክንያት ክፍተት ነው። ቃል የሚከፋፍለው ድርብ ሰረዝ ግራና ቀኙ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። «ሰ -- ላም» ሁለት ቀለም ነው፤ «ሰ--ላም» ግን ከነሰረዙ አንድ ኖታ ሥር ይታተማል።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ሰውን ያሳስታል። በፊደል ብዛት ብትቆጥሩ ሰላም ሦስት ነው፤ ሲዘመር ግን «ም» የራሷ አናባቢ ስለሌላት ከ«ላ» ጋር ትሄዳለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል በሰረዝ የሚነጥል ስክሪፕት ጽፋችሁ ከሆነ ጣሉት። ሳድስ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ አይነበብም፤ ይህን የሚለየው ጆሮ ነው።

ፊደሉ ሳጥን ወይም ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል

ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንቱ ግዕዝ የለውም፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ጫኑና በፋይሉ ውስጥ ስሙን ጥሩ። የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ፎንት መቀያየር አያድናችሁም። ወይ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 አልተቀመጠም፣ ወይ ጽሑፉ ዩኒኮድ ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው፤ የኋለኛውን እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ማሳለፍ ነው።

የድሮ ፋይል አዲሱ ቨርዥን ላይ አይሠራም

ኮንቨርት-ላይ የሚባለው መሣሪያ ከፋይሉ አናት ላይ የተጻፈውን የቨርዥን ቁጥር አይቶ አገባቡን ያድሳል። ቁጥሩ ከሌለ ከየት እንደሚነሳ አያውቅም። ሊሊፖንድን ለማስፋት በሚያገለግለው በስኪም የፕሮግራም ቋንቋ የጻፋችሁትን ኮድ ግን በአብዛኛው ለእናንተ ይተወዋል፤ በተለይ በ2022 የወጣው 2.24 ስኪምን ወደሚያስኬደው ጋይል 2.2 ስለተሻገረ የቆየ ስኪም እዚያ ሊሰበር ይችላል።

ሎጉ «ፕሮግራሚንግ ኤረር» ይላል

ይሄ በአብዛኛው የፕሮግራሙ የራሱ ጥፋት ነው። ከመልእክቱ ቀጥሎ «እየቀጠልኩ ነው፣ ዕድል ይርዳን» ዓይነት ነገር ይጽፋል፤ ሐቀኝነቱን እወድለታለሁ። ፒዲኤፉ ደህና ከወጣ ሥራችሁን ቀጥሉ። ካልወጣ የፋይሉን ግማሽ ሰርዛችሁ አስኪዱ፤ መልእክቱ ካለ የቀረውን እንደገና ግማሽ አድርጉ፣ ከጠፋ የሰረዛችሁትን መልሳችሁ ሌላውን ሰርዙ። አራት አምስት መስመር ሲቀር ያቺን ቁራጭ ከቨርዥን ቁጥሩ ጋር ለአልሚዎቹ ላኩ፤ ባለ ሃምሳ ገጽ ሲምፎኒ የሚፈትሽላችሁ የለም።