ሰዓታችሁን አትንኩ፤ ከድሬ ሄዶ ቶኪዮ ሆቴል ለሚያርፍ ሰው

ድሬዳዋ ላይ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ለዕቃ ግዢ ሁለት ጊዜ ጃፓን ሄጃለሁ። ከዚያ ወዲህ ቪዛ የተመታለት ሰው ሁሉ ሱቄ ብቅ ይልና "እስቲ ንገረኝ፣ ሆቴሉ እንዴት ነው? ከተማ ውስጥስ በምንድን ነው የሚኬደው?" ይለኛል። ሻይ ይዘን ቁጭ እንላለን። ደንበኛ ይመጣል፣ ወሬው ይቋረጣል፣ ግማሹ ሳይነገር ይቀራል። ይኸው አሁን ጻፍኩት።

በሰዓት ልጀምር። ጃፓን ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ የእጅ ሰዓታችሁ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ቶኪዮ ስትደርሱ አትንኩት። ድሬ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ይላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ስር ቆሜ ነው። ክንዴን አየሁ፣ ቀና አልኩ፣ ደግሜ ክንዴን አየሁ። ሁለቱ ሰዓቶች እኩል ናቸው። ቤት ስትደውሉ ግን ልብ በሉ። ቶኪዮ ጠዋት 8 ሰዓት ሲል ድሬ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። እናታችሁን ከእንቅልፍ አትቀስቅሱ። ከዚህ በታች ሰዓት ስጠራ በእነሱ አቆጣጠር ነው።

ሆቴል ስትይዙ የአልጋውን ስም አንብቡ። እኔና የጉዞ ጓደኛዬ "ደብል" የሚለውን አይተን ለሁለት ሰው ነው ብለን ያዝን። ስንገባ አንድ አልጋ ነው፤ ወርዱ 140 ሳንቲ ሜትር። ሌላ ክፍል አልነበረም። ከሃያ ሰዓት ጉዞ በኋላ ያንን ሌሊት ተጣበን አደርን። ሁለት ከሆናችሁ መያዝ ያለባችሁ "ትዊን" የሚለውን ነው፤ ሁለት አልጋ አለው። "ሰሚ ደብል" የሚሉት 120 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአንድ ሰው ይመቻል። የሚያድረውንም ሰው ቁጥር በትክክል ጻፉ፤ ብዙ ቦታ ዋጋው በሰው ነው የሚሰላው። እኛ ዘንድ አንድ ዘመድ ሲመጣ "ዛሬ እኔ ጋ እደር" ይባላል። እዚያ ያልተመዘገበ ሰው ክፍል ማስገባት አይቻልም። እንግዳ ከመጣባችሁ ታች ሎቢ ላይ ተጨዋወቱ። ሲጋራ የማይጨስበት ክፍል መሆኑንም አረጋግጡ።

እኔ ግን ከአልጋውም ከዋጋውም አስበልጬ የማየው የባቡር ጣቢያውን መውጫ ነው። ሆቴሉ "ከኡኤኖ ጣቢያ 5 ደቂቃ" ቢል ከየትኛው በር ብላችሁ ጠይቁ። ኡኤኖ እንደ ድሬው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ከዚራ ሰፈር ላይ የምትቆሙበት አይደለም። የፓርክ በር፣ የሺኖባዙ በር፣ የሂሮኮጂ በር፣ የኢሪያ በር፣ ሌላም አለው። አንዱና ሌላው በሐዲድ የተለያዩ ናቸው።

የእኛ ሆቴል በኢሪያ በር በኩል ነበር። እኛ በፓርኩ በር ወጣን። ጊዜው ነሐሴ ነው። የድሬ ልጅ ነኝና ሙቀት አያስፈራኝም ነበር። የቶኪዮ ነሐሴ ግን አየሩ እርጥብ ነው፣ ላብ አይደርቅም። ሻንጣ እየጎተትን አርባ ደቂቃ ዞርን። አድራሻው በእጃችን ነው፤ ግን አብዛኛው መንገድ ስም የለውም። የተጻፈው ቁጥር የሰፈሩ ክፍል፣ ከዚያ የብሎኩ፣ ከዚያ የሕንፃው ነው። በመጨረሻ "ኮባን" የሚሏት ትንሽ የፖሊስ ቤት ገባን። ፖሊሱ ወረቀታችንን ተቀብሎ ትልቅ ካርታ ዘረጋ። ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ ቤቱን አገኘው። ከዚያ ብጣሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሐዲዱን ሳለ፣ የእግረኛ ድልድዩን ሳለ፣ ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ ሳለ፣ ሆቴሉን ከበበልን። እኛ ድሬ ላይ "የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ" ብለን እንደምንጠቁመው ማለት ነው። ያቺ ወረቀት አሁንም ፓስፖርቴ ውስጥ አለች። ስትጠፉ ኮባን ግቡ፤ ሰው መንገድ የሚጠይቀው እዚያ ነው።

ሻንጣ ስትሸክፉ ጫት በፍጹም አትያዙ። ለዘመድ ስጦታ ነው፣ ትንሽ ነው፣ አይባልም። ቅጠሉን የዕፅዋት ቁጥጥር ይይዘዋል፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ያስጠይቃል። ቋንታም አይገባም፤ የሥጋ ውጤት ክልክል ነው። ቡና ውሰዱ፣ ግን የተቆላና የተፈጨ። የሐረር ቡና እዚያ "ሞካ" በሚለው ስም ይታወቃል፤ ስትሰጧቸው ፊታቸው ይበራል። ክፍል ውስጥ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ግን እርሱት። ጣሪያው ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ ነው የሚረበሸው።

የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው። ሶኬቱም ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው የሚቀበለው፤ አዳፕተር ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። የስልክ ቻርጀር ላይ "100-240" የሚል ካለ ችግር የለም። ለ220 ብቻ የተሠራ ካውያ ወይም የፀጉር ማሽን ግን በቂ ጉልበት አያገኝም። ጓደኛዬ የያዘው የጢም ማሽን ጢሙን ነጨው እንጂ አልቆረጠውም።

ናሪታ ከመሃል ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ታክሲ አታስቡ። ለኡኤኖ የኬይሴይ ባቡር አለ፤ ስካይላይነር የሚባለው ፈጣኑ ነው፣ ተራው ዋጋው ከግማሽ በታች ነው፣ ግን ይዘገያል። ከመሳፈራችሁ በፊት ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለውን ካርድ አውጡ። ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ፤ ስትገቡ በሩ ላይ ታስነካላችሁ፣ ስትወጡም ታስነካላችሁ። ባቡር፣ ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) እና አውቶቡስ ላይ ይሠራል፤ ሱቅ ውስጥ ውሃ ትገዙበታላችሁ። ሂሳብ ካነሰ በሩ ይዘጋል። አትደንግጡ፣ ከኋላ ያለውንም አትግፉ። አጠገቡ የጎደለውን የምትሞሉበት ማሽን አለ።

ሆቴል ክፍል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በ15:00 ነው፤ እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት የምንለው። ቀድማችሁ ብትደርሱ ሻንጣውን ያለ ክፍያ ያስቀምጡላችኋል። "ኒሞትሱ ኦኔጋይሺማስ" በሉ፤ ሻንጣ አደራ እንደማለት ነው። ፓስፖርታችሁን ወስደው ኮፒ ያደርጋሉ፤ ሕጉ ስለሚያዝ ነው፣ ሁሉም የውጭ እንግዳ ላይ ያደርጉታል። ገንዘብ በእጅ አትስጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሳህን አለች፣ እሷ ላይ አስቀምጡ። ጉርሻ የሚባል የለም። ብትተዉ የረሳችሁት መስሏቸው ይዘው ይከተሏችኋል። ሊፍት ውስጥ 1 ማለት የእኛ ግራውንድ ነው፤ 2 ማለት የእኛ አንደኛ ፎቅ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሻንጣ ከተከፈተ መራመጃ የለም። ግን የጥርስ ብሩሽ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሌሊት ልብስ፣ የሻይ ማፍያ ሁሉ አለ። አልጋው አጠገብ የእጅ ባትሪ ተሰቅሏል፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ ነው። የመውጫው ካርታ በሩ ጀርባ ላይ ነው፤ የገባችሁ ዕለት አንብቡት። አደጋ ካለ አምቡላንስና እሳት 119፣ ፖሊስ 110 ነው።

የጋራ መታጠቢያ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ሙቅ ውሃው ድካም ያወጣል። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ በሳሙና ታጥባችሁ፣ ተለቃልቃችሁ ነው ወደ ገንዳው የሚገባው፤ ያለ ልብስ። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። አንድ ነገር ለእናቶችና ለእህቶች ልናገር። አንገት ወይም ግንባር ላይ ንቅሳት ያለው ሰው በብዙ መታጠቢያ አይገባም፤ እዚያ ንቅሳት ከወንበዴ ቡድን ጋር ስለሚያያዝ ነው። የእኛ የመስቀል ንቅሳት መሆኑን አያውቁም። ቀድማችሁ ሪሴፕሽን ጠይቁ፤ አንዳንዱ በፕላስተር ሸፍኑት ይላል። ካልሆነም ክፍላችሁ ውስጥ የራሳችሁ ገንዳ አለ።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተቸገርነው እዚያ ነው። እኔ ፍልሰታን እየጾምኩ ነበር። ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። ሁለታችንም የሆቴሉ ቁርስ ላይ ቆመን ሳህን ይዘን ተያየን። ሚሶ የሚሉት ሾርባ አትክልት ይመስላል፤ የሚሠራበት መረቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዓሣ ነው። ሶባና ኡዶን የሚባሉት የፓስታ ዓይነቶችም መረቃቸው እንደዚያው ነው። ለጿሚ የሚሆነው ነጭ ሩዝ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ)፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ ነው። ኮንቢኒ ከሚሏቸው ሱቆች ደግሞ "ኡሜ" ያለበት ኦኒጊሪ፤ በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው፣ መሃሉ ላይ የሚጎመዝዝ ፍሬ አለው። ለእኔ የጠዋት ምግቤ እሱና ሙዝ ሆነ። ለሙስሊሞች አሳማ "ቡታ" ይባላል። "ቡታ?" ብላችሁ በጣት ብትጠቁሙ ይገባቸዋል። ግን የአሳማ ስብና የምግብ ወይን ሳይታይ ይገባልና ሐላል የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ። ጁምዓ ዮዮጊ ኡኤሃራ አጠገብ ያለው ቶኪዮ ጃሚ መስጊድ ሄደን ነበር፤ እኔ ውጭ ጠበቅኩት። ቂብላው ድሬ ላይ ወደ ሰሜን ነው፤ ቶኪዮ ግን ወደ ምዕራብ ሆኖ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ቀን በልምድ ወደ ሰሜን ሊሰግድ ነበር፤ ስልኩ አረመው።

ከተማ ውስጥ መሄድ ከተለመደ ከባጃጅ ይቀላል። የመስመሩን ቀለምና የጣቢያውን ቁጥር ብቻ ያዙ። ጊንዛ መስመር ብርቱካናማ ነው፤ ኡኤኖ 16፣ አሳኩሳ 19 ቁጥር ናቸው። ቁጥሩ ከጨመረ ወደ አሳኩሳ እየሄዳችሁ ነው፣ ከቀነሰ በተቃራኒው። ያማኖቴ የሚባለው ቀላል አረንጓዴ መስመር ከተማውን ይዞራል፤ 30 ጣቢያ አለው፣ ቢሳሳቱም ዞሮ ይመልሳችኋል። ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም፤ ቢደወልላችሁ ዝጉና ወርዳችሁ መልሱ። ኤስካሌተር ላይ ቶኪዮ በግራ ይቆማል፣ ኦሳካ በቀኝ። መኪናው በግራ ስለሚነዳ አስፋልት ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። እኔ አንዴ ወደ ግራ አይቼ ገባሁ፤ ጓደኛዬ በጃኬቴ ነው የሳበኝ።

የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ካመለጣችሁ ታክሲ ነው፤ ከማታ 10 ሰዓት በኋላ 20 በመቶ ይጨምራል። ዋጋ አትከራከሩ፣ ቆጣሪ ነው። የኋላውን በር አትንኩ፤ ሾፌሩ ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል።

ብር የሚቀይርላችሁ የለም፤ ዶላር ይዛችሁ ሂዱና የን ያዙ። ትናንሽ ቤቶች ካርድ አይቀበሉም። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ እምብዛም ስለሌለ ኪሳችሁ ውስጥ ፌስታል ይኑር።

የመመለሻ ቀን ክፍሉን ጠዋት በ10 ወይም በ11 ሰዓት ታስረክባላችሁ። ሻንጣውን እዚያው አስቀምጡና አሜዮኮ ውረዱ። ከኡኤኖ ጣቢያ አጠገብ በባቡር ሐዲዱ ጥግ የተዘረጋ ገበያ ነው፤ ጫማው፣ ጃኬቱ፣ ቅመሙ፣ የሚጮኸው ነጋዴ ሁሉ ድሬ ያለውን የእኛን ታይዋን ገበያ ያስታውሳል። የቤት ዕቃችሁን ግዙ፣ ተመልሳችሁ ሻንጣውን ውሰዱ። ባቡሩ በመጣችሁበት መስመር ነው የሚመልሳችሁ።