የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተው ይጋግሩ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በቤት ውስጥ እንደ እርሱ ቆጣሪ የሚያስሮጥ ዕቃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሊጡ ሊያልቅ ሲል፣ ሁለት እንጀራ ያህል ሲቀርዎት፣ ምጣዱን ያጥፉት። ሁለቱም በቀረው ግለት ዐይን አውጥተው ይበስላሉ። የመጨረሻውን ብቻ አክንባሎውን ከመክፈትዎ በፊት ትንሽ ያቆዩት።

ሸክላ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ጋግረው ሲጨርሱ በውስጡ የሚቀረው ሙቀት ገንዘብ የከፈሉበት ነው፤ ካልተጠቀሙበት ማድ ቤቱን አሙቆ ይቀራል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ 6 ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢጠፋ የሚተርፈው ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል ለ35 ሰዓት ያበራል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ነው።

በዚሁ ምክንያት በሳምንት ሁለቴ ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ኃይል ቀላል አይደለም፣ ያውም አንድ እንጀራ ሳይወጣበት!

ምጣድዎ ስስ ከሆነ ወይም የመብራቱ ኃይል በሚደክምበት ሰዓት የሚጋግሩ ከሆነ ግን ለአንድ እንጀራ ብቻ ያጥፉት፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ሊጥ ሊጥ ይላል።