የድሮ የካቻፕና የሶስ ጠርሙስ ዕድሜን እንዴት መለየት ይቻላል

አዲስ አበባ ሳለሁ ባዶ ጠርሙስ የቆራሌው ሲሳይ ነበር። አሜሪካ መጥቼ ቆራሌው ራሴ ሆኜ አረፍኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ እየዞርኩ የድሮ የካቻፕ፣ የሰናፍጭና የሶስ ጠርሙስ እለቅማለሁ።

በመጀመሪያው ተሸውጃለሁ። ሻጩ ባለ ስምንት ጎን የሄንዝ ካቻፕ ጠርሙስ አወጣና ወረቀቱ ላይ ያለችውን 1869 በጣቱ እያሳየ «የዚያ ዘመን ነው» አለኝ። ከፈልኩ። ለካ 1869 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ድርጅቱ የተመሠረተበት ነው። ካቻፑ የመጣው በ1876፣ ባለ ስምንት ጎኑ ጠርሙስ ደግሞ በ1890 ነው። ጽሑፉን ለጊዜው ተዉትና ጠርሙሱን ራሱን መርምሩት።

1. መስመሩን ተከተሉ። የቅርጽ ማውጫው ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር በጎኑ ላይ አለ። ጥፍራችሁን ከታች ወደ ላይ ጎተት አድርጉት። አንገቱ ጋ ከጠፋ አፉን ያበጀው የሰው እጅ ነው፤ ባብዛኛው ከ1920 በፊት። የአፉን ጠርዝ አልፎ ከወጣ ግን የማሽን ሥራ ነው። ማይክል ኦውንስ ቶሊዶ ኦሃዮ ላይ አውቶማቲክ ማሽኑን ያሳካው በ1903 ነው። የኔው ጉድ መስመሩ እስከ አፉ ጫፍ ድረስ ይታያል!

2. ገልብጡት። ቂጡ መሀል ላይ እጅ የሚቧጭር ክብ ጠባሳ ካለ፣ አፉ ሲበጅ ጠርሙሱ ተይዞበት የነበረው ብረት ሲነቀል የቀረ ነው። የአሜሪካ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1870 በፊት ነው። ከመሀል ፈንጠር ያለ፣ ጠርዙ የተንጨፈረረ ትልቅ ክብ ካያችሁ ደግሞ የኦውንስ ማሽን አሻራ ነው። በ1929 የተመሠረተው የጠርሙስ አምራቹ ኦውንስ ኢሊኖይ የድሮ ምልክቱ ዳይመንድ (የአልማዝ ቅርጽ) ነበር። ከግራው ያለው ቁጥር ፋብሪካውን፣ ከቀኙ ያለው ዓመቱን ይናገራል። ችግሩ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ አሃዝ ብቻ ነበር የሚጻፈው። 4 ቢል 1934 ይሁን 1944 ያከራክራል።

3. ቀለሙን እዩ፤ ግን ብዙ አትመኑት። ጠርሙሱ ጥርት እንዲል ማንጋኒዝ ይጨመርበት ነበር፤ እሱ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ወይን ጠጅ ይሆናል። ከ1880ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት አካባቢ የተለመደ ነው። በጣም የጠቆረ ወይን ጠጅ ካጋጠማችሁ ግን ሆን ተብሎ በጨረር የተቀየረ ሊሆን ይችላል። እኔ አልገዛም።

4. ዕድሜው ከታወቀ ጋር አስተያዩ። በርትራንድ የተባለችው የእንፋሎት ጀልባ ሚዙሪ ወንዝ ላይ የሰመጠችው ኤፕሪል 1 ቀን 1865 ነው። በ1968 ተገኝታ ስትቆፈር የሶስና የሰናፍጭ ጠርሙሶች ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ወጡ። ኔብራስካ ድንበር ላይ ያለው የዴሶቶ የዱር እንስሳት መጠለያ ያሳያቸዋል።

5. ልቆፍር ካላችሁ ፈቃድ ያዙ። ምርጡ ጠርሙስ የሚገኘው የድሮ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አዎ፣ ሽንት ቤት። ነገር ግን በፌዴራል መሬት ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ መቆፈር በ1979ቱ ሕግ ያስቀጣል።

6. እጠቡት። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና አንድ እፍኝ ሩዝ ጨምራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የፈላ ውሃ ይሰነጥቀዋል። ወረቀቱ ያልተላጠ ከሆነ ግን ውጪውን ውሃ አታስነኩት፤ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃዋል።