ልጆች ቤት ሲውሉ

ትምህርት ቤት ለተዘጋባችሁ ወላጆች፣ በኮሮና ጊዜ ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ልጅ ቤት ያዋለ ሰው ያውቀዋል፣ መጀመሪያ የሚበላሸው እንቅልፍ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ አፍጥጦ ጠዋት አራት ሰዓት ይነሳና ቀኑን ሙሉ ንጭንጭ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ምናምን ከመለጠፋችሁ በፊት የመኝታና የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ያዙ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። ትንሹ ልጅ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ከተመለሰበት ወይ እናቴን አልለቅም ካለ አትቆጡት፣ ብዙ ጊዜ ጭንቀት ነው፣ ሳምንታት አልፈው ካልተሻለው ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እናንተም ከጎረቤት ጋር ተራ ግቡ፣ ዛሬ የሷ ልጆች እናንተ ጋር ነገ የናንተ እሷ ጋር፣ በዛች ሁለት ሰዓት ታዲያ ልብስ ማጠብ የለም (አውቃችኋለሁ)፣ ተኙ ወይ ወጣ ብላችሁ ተራመዱ።