በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ታካሚን ከከተማ ዳር ወደ ሆስፒታል ማድረስ

አዲስ አበባ ዳር ካሉት ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ተነሥቶ እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ወዳሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች ታካሚ ይዞ የሚሄድ አስታማሚ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መኪናው ነው። እኔ ግን አባቴን ሳመላልስ ያስቸገረኝ ከግቢው በር እስከ ካርድ ክፍል ያለው አጭር ርቀት ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱ ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ቀጠሮ ለማስያዝ የሚሄደው ሰው በዚያው ጉዞ ታካሚ የያዘ መኪና በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ታካሚውን ካወረደ በኋላ የት እንደሚቆም፣ ከዚያም እስከ ሐኪሙ ክፍል ያለ ደረጃ የሚያደርስ መንገድ መኖሩን በዓይኑ ይይ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ከሆነ ሊፍቱ እንደሚሠራ ጠይቆ ብቻ አይመለስ፤ ወጥቶ ይውረድበት። በአንድ ሆስፒታል ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የተሠራ ተዳፋት መግቢያ) መኖሩን አረጋግጠን ብንሄድም፣ በቀጠሮው ዕለት አፉ ላይ መኪና ቆሞበት ባለቤቱ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ጠብቀናል። ከዚያ ወዲህ እንደደረስን መጀመሪያ የምናነጋግረው የበሩን ጥበቃ ነው።

ያለ ደረጃ የሚያስገባ መንገድ መጠየቅ ልመና አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና በእግራቸው እየሄዱ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ይህን በትሕትና ማስታወስ ከጭቅጭቅ ይልቅ በር ያስከፍታል።

ለጉዞው ኮንትራት መኪና የሚመረጥ ሲሆን፣ በስልክ ሲያዝ ወንበሩ የሚታጠፍ መሆኑንና የዕቃ መጫኛው ባዶ ሊሆን እንደሚገባ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ከአያት ለሚነሣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አማራጭ ቢሆንም፣ የመውረጃው ጣቢያ ከፍ ያለ ከሆነ እዚያም ስለ ሊፍቱ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በክረምት ደግሞ ከብሎኩ እስከ አስፋልቱ ያለው ጭቃ ጎማውን ስለሚይዘው፣ ሾፌሩ እስከ ደጃፍ እንዲገባ ይስማሙ።

ታካሚውን ወደ መኪና ሲያዛውሩ የፊተኛውን መቀመጫ ወደ ኋላ መልሰው፣ የታካሚው ጠንካራ ጎን ወደ መኪናው መቀመጫ እንዲሆን ተሽከርካሪ ወንበሩን በሰያፍ ያስጠጉ፤ ፍሬኑን ይያዙ፣ የእግር ማሳረፊያውን ያንሡ። ከብብቱ ሥር ጎትቶ ማንሣት ትከሻን ስለሚጎዳ ወገቡን ደግፎ ማዞር ይመረጣል። የመኪናው በር እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ ይህ ሁሉ አይሆንም፤ ስለዚህ በሁለት መኪኖች መካከል አይቁሙ። ድንገተኛ ሕመም ሲገጥም ግን ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በፊት የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ለመመለሻውም ሾፌሩን ከጠዋቱ ያነጋግሩት። መድኃኒት ቤትና ላቦራቶሪ ተራ ስለሚያስይዙ የሚያልቅበት ሰዓት አይታወቅም፤ ስለዚህ የማስጠበቂያ ሒሳብ ከመክፈል ይልቅ የላቦራቶሪው ውጤት ሲወጣ ደውሎ መጥራት ይቀላል።