ወገብና እግር ሳይያዝ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ እንዴት ይዘለቃል?

ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተሳፍሮ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ወንበር ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ደህና ያልፋሉ። ከዚያ መቀመጫ ይደነዝዛል፣ ባት ይከብዳል፣ ወገብ ይይዛል፣ እግር ማሳረፊያ ያጣል። ያኔ ሰውነት መቁነጥነጥ ይጀምራል። ብዙ ሰው ግን ጎረቤቱን ላለመረበሽ በይሉኝታ ድርቅ ብሎ ይቀመጣል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። መቁነጥነጥ ሰውነት ለራሱ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህንኑ እንቅስቃሴ ሕመሙ ሳይመጣ፣ በሰዓቱ፣ ማንንም ሳይጎነትሉ የሚያደርጉበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን ይወቁ። ስንቀመጥ የላይኛው አካላችን ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በሁለት የአጥንት ጫፎች ላይ ነው። መዳፍዎን ከመቀመጫዎ ሥር አስገብተው ግራና ቀኝ ትንሽ ቢወዛወዙ ያገኟቸዋል። በአጥንቱና በወንበሩ መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም በደንብ ስለማይደርሰው ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል። የእግር ደግሞ ሌላ ነው። ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ የባት ጡንቻ ትልቅ ድርሻ አለው፤ በተኮማተረ ቁጥር ደም መላሽ ሥሮችን ጨምቆ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ በሥሮቹ ውስጥ ያሉ ክዳኖችም ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ባት ሥራ ሲፈታ ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ይጠራቀማል። ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ማታ የሚጠበው ለዚህ ነው።

ትኬት ሲቆርጡና ሲዘጋጁ

ምርጫ ካለዎት በመተላለፊያው በኩል ያለውን፣ ከፊትና ከኋላ ጎማ መካከል የሚገኘውን ወንበር ይጠይቁ። የመጨረሻው ረድፍ ከኋላ ጎማ አልፎ ስለሚገኝ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ያነጥራል፤ ወገብ ያለበት ሰው እዚያ መቀመጥ የለበትም። ጎማው ላይ ያለውም አይመከርም፤ ወለሉ ከፍ ስለሚል ጉልበት ወደ ደረት ይጠጋል፣ ወገብም ይጎብጣል። መስኮት ዳር መቀመጥ ደስ ይላል፣ ግን ለመነሳት ሁልጊዜ ሰው ማስነሳት ይጠይቃል፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው ደግሞ ሳይነሳ ይቀራል።

ይዘው የሚገቡት ብዙ አይደለም፤ አንድ ነጠላ ወይም ፎጣ፣ አንድ ጋቢ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ፣ ሰፋ ያለ ሱሪና ማሰሪያው የሚላላ ጫማ። ከኋላ ኪስ ቦርሳም ስልክም ያውጡ። አንድ ጣት ውፍረት ያለው የብር ቦርሳ እንኳ ዳሌን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርደውንም ነርቭ ሲጫነው ውሎ እስከ ቋንጃ የሚወርድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ወንበሩን ማስተካከል

መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይሥሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መቀመጫዎን እስከ ወንበሩ ጥግ ወደ ኋላ ያስገቡ። ጋቢውን ጠፍጣፋ አድርገው አጥፈው ከሥርዎ ያንጥፉ፤ ጋቢ በተፈጥሮው ድርብርብ ስለሆነ አንዴ ወይም ሁለቴ ማጠፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካጠፉት እግርዎ ወለል መንካት ያቅተዋል።

ነጠላውን ወይም ፎጣውን እንደ ዱላ ይጠቅልሉት። ውፍረቱ የእጅዎን አንጓ ያህል፣ ርዝመቱ ከወገብዎ ስፋት ትንሽ ያነሰ ይሁን። የሚገባው ቀበቶ በሚታሰርበት መስመርና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወገብ ወደ ውስጥ በሚገባበት ስርጉድ ላይ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ከፍ አድርገው ጀርባ መሐል ያስገቡትና ደረትን ወደ ፊት ይገፋል፣ ሰውየውም ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ምንም አልረዳኝ» ብሎ ያወጣዋል። ልክ ሲሆን ራስዎን ሳያስገድዱ ቀና ይላሉ። በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያውጡት፤ ጥሩ አቀማመጥም ቢሆን ሳይለወጥ ከዋለ ያማል።

የወንበሩን መደገፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ያዘንብሉ። ቀጥ ብሎ እንደ ምሰሶ ከመቀመጥ ትንሽ ጋደል ብሎ መደገፍ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ላለው ዲስክ ይቀለዋል።

እግርዎ ወለል ካልነካ የወንበሩ ጠርዝ ከጭን ሥር ያለውን ሥጋ ይቆርጠዋል፣ እግርም ይደነዝዛል። የእጅ ሻንጣዎን ከእግርዎ ሥር ያድርጉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በጉልበትዎ ቋንጃና በወንበሩ ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ማለፍ አለበት። እግር አጣምሮ መቀመጥ ለጥቂት ደቂቃ ችግር የለውም፤ እንደተጣመሩ እንቅልፍ መውሰድ ግን አደጋ አለው። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ነርቭ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ ለረጅም ሰዓት ከተጫኑት ሲነሱ የእግርዎ ጫፍ አልነሳ ሊል ይችላል።

በየ30 ደቂቃው የሚደረግ

ስልክዎን በንዝረት ብቻ እንዲያስታውስዎ ይሙሉት። ሲሰማዎ ብቻ ልንቀሳቀስ ካሉ ዘግይተዋል፤ የደነዘዘ ሥጋ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ዙሩ ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ተረከዝዎን ወለል ላይ ተክለው የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ከዚያ ጣቶቹን ተክለው ተረከዙን ያንሱ፤ 30 ጊዜ። ባትዎ ላይ እጅ ቢያደርጉ ሲጠነክርና ሲላላ ሊሰማዎት ይገባል፤ ካልተሰማዎት እንቅስቃሴው ደክሟል። ቀጥሎ መቀመጫዎን አጥብቀው ለ5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ። ከዚያ ወደ ግራ ዘንበል ብለው የቀኙን መቀመጫ ከወንበሩ ለ15 ሰከንድ ያላቅቁ፤ ጎኑን ይቀይሩ። የእጅ ማሳረፊያውን ይዘው በእጅዎ ራስዎን ብድግ ማድረግ ከቻሉም ይጨምሩበት።

ጫማዎን ማውለቅ ከተመቸዎ ሃይላንዱን ወለል ላይ አጋድመው በውስጥ እግርዎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንከባልሉት። ሙሉ ሃይላንድ ይንሸራተታል፣ ባዶው ይጨፈለቃል፤ ግማሽ የደረሰው ልክ ነው። ለማይረጋ እግር ከዚህ የተሻለ የወንበር ላይ ሥራ አላየንም። ክዳኑን ማጥበቅ አይርሱ፣ ሲጨርሱም ያንሱት።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱና ወደ ደጀን ሲወጡ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። እዚያ መቆም የለም፤ ቀበቶ ይታሰራል፣ እንቅስቃሴውም የተረከዙ ብቻ ይሁን።

ምሳ ላይ

መኪናው ሲቆም አብዛኛው ተሳፋሪ ከወንበር ወርዶ በቀጥታ ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምግቡን ይዘዙና እስኪመጣ ይራመዱ፤ አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ከዚያ አንድ እግር አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አድርገው፣ የኋላውን ተረከዝ መሬት ላይ እንደተከሉ ወደ ፊት ይጠጉ። ከብሽሽት እስከ ባት ሲወጠር ይሰማዎታል፤ በየጎኑ 30 ሰከንድ።

ሽንት ቤት አጣለሁ ብለው ውሃ የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ሴቶች፣ ምክንያታቸውም እውነት ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ በጥም መዋል ራስ ምታትና ድካም ያመጣል። መፍትሔው አከፋፈሉ ላይ ነው፤ ከእረፍቱ አንድ ሰዓት ገደማ አስቀድመው በርከት አድርገው ይጠጡ፣ ከእረፍቱ በኋላ ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። ሆድ ጢም ብሎ መቀመጥም ወገብ ያስጎብጣልና ምሳውን ቀለል አድርገው ቆሎ ይያዙ።

እግር «አላስቀምጥ» ሲል

አንዳንድ ሰው ላይ ነገሩ የወንበር ጉዳይ አይደለም። ከቆዳ ሥር ጉንዳን የሚሄድ ያህል ይወረዋል፣ ያላንቀሳቀሰው እንደሆነ አያስችለውም፣ ሲራመድ ይለቀዋል፣ ማታ ማታ ደግሞ ይብሳል። እነዚህ አራቱ ከተገናኙ ሐኪሞች ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም የሚሉት ሊሆን ይችላል። ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ የብረት ማነስ ነው። ደም ማነስ የለብዎትም ቢባሉ እንኳ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን የተባለ የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ ለዚህ ችግር 75 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ብረት መስጠት ይታሰባል። ሳይመረመሩ ብረት መዋጥ ግን ተገቢ አይደለም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ያራርቋቸው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር፦ መኪና ላይ እንዳያስመልስ የሚዋጡት እንደ ፕሮሜታዚንና ሜቶክሎፕራማይድ ያሉ መድኃኒቶች ይህን ስሜት ያባብሳሉ። ክኒን በዋጡበት ጉዞ ሁሉ እግርዎ የማይረጋ ከሆነ ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ።

አውሮፕላን ከሆነ

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 13 ሰዓት ገደማ በአየር ላይ ነው። ዙሩ ያው ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ መራመድ ይጨመርበታል። የእንቅልፍ ክኒን ውጦ ሳይገላበጡ መተኛት ጥሩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በአውሮፕላንም በአውቶቡስም የደም መርጋትን ዕድል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ትንሽ ነው፤ 6,000 ውስጥ አንድ። ነፍሰ ጡር፣ በቅርብ የወለደች፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ካንሰር ያለበት፣ ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ግን ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክር። ለጉዞ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ካልሲ ሲገዙ ቁርጭምጭሚትና ባትዎን በሜትር ተለክተው ይሁን፤ ልኩ ያልሆነ ካልሲ ከላይ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ ያስራል።

ሲደርሱ

መናኸሪያ እንደደረሱ ሻንጣ ለማንሳት አይሽቀዳደሙ። ብዙ ሰዓት ጎብጦ የዋለ ወገብ ጅማቶቹ ተለጥጠው ላልተዋል፤ ብዙ ሰው ወገቡ የሚያዘው መንገድ ላይ ሳይሆን ይህን ሻንጣ ሲያነሳ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆመው ይራመዱ፣ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው አምስት ጊዜ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይለጠጡ፣ ከዚያ ከጉልበትዎ በርከክ ብለው ያንሱ።

ማታ ሁለቱም እግር እኩል ቢያብጥ እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ ማደር ይበቃዋል። አንዱ ብቻ ካበጠ ግን ክር ያምጡ። ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጎልቶ ከሚዳሰሰው የአጥንት እብጠት 10 ሴንቲ ሜትር ወርደው ሁለቱንም ባቶች ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ፣ ወይም ባትዎ ሲነካ የሚያም፣ የሚሞቅ፣ የቀላ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ባትዎን አያሹት፣ አያሳሹትም። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ሲተነፍሱ ደረትዎን ከወጋዎ ወይም ደም ያለው አክታ ካዩ ጉዞው ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነው እንኳ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ፣ ስንት ሰዓት ተቀምጠው እንደተጓዙም አስቀድመው ይንገሯቸው።