ቦንግ ጁን-ሆን ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደቡብ ኮሪያዊውን ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆን ብዙዎቻችን ያወቅነው እ.አ.አ. በ2020 አራት ኦስካር በወሰደው «ፓራሳይት» ነው። አይተን አደነቅንና እዚያው አቆምን። አንዱ ስህተት ይሄ ነው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን «ኮሜዲ ነው ወይስ ልብ አንጠልጣይ?» ብሎ ምድብ መፈለግ ነው። የ2003ቱን «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» እንውሰድ። ማሳ ዳር የሴት ሬሳ ተገኝቷል። መርማሪው ጭቃው ላይ የጫማ ዱካ አግኝቶ፣ እንዳይረገጥ ይጮኻል። ማን ሰምቶት! ልጆች ይሯሯጣሉ። ከመንገዱ ወደ ማሳው የሚወርዱት ሰዎች አዳልጧቸው ይወድቃሉ። እኛም እንስቃለን። ወዲያው ትራክተር ይመጣና ዱካውን ደፍጥጦት ያልፋል። ሳቃችን አፋችን ላይ ይደርቃል። ካሜራው ይህን ሁሉ የሚያሳየን ሳይቆረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው። ያሳቀን ትርምስና ማስረጃውን ያጠፋው ትርምስ አንድ ናቸው። ቀልዱን «ማሟሻ ነው» ብሎ ስልክ የሚነካካ ሰው ዋናው ነገር አመለጠው።

ገዳዩ እስኪያዝ መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። (ፊልሙን ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ታሪኩ በደቡብ ኮሪያዋ ህዋሶንግ ከ1986 እስከ 1991 ከተፈጸሙ ተከታታይ ግድያዎች የተነሳ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ገዳዩ አልታወቀም ነበር። ስለዚህ መጨረሻ ላይ መርማሪውን የሚጫወተው ሶንግ ካንግ-ሆ ቀጥ ብሎ ካሜራውን ያያል። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? እውነተኛው ገዳይ በዲኤንኤ የተለየው በ2019 ነው፤ ያኔ በሌላ ግድያ ተፈርዶበት እስር ቤት ነበር።

የጭራቅ ፊልሙን «ዘ ሆስት»ን ከፍቶ ጭራቁ በጨለማ ተደብቆ እንዲያስፈራራን መጠበቅም አያዋጣም። ገና በጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ ይወጣል። ቀልባችን መሆን ያለበት ልጃቸው የተወሰደችባቸው ቤተሰቦች ላይ ነው።

ሰብታይትል ላይ ብቻ ማፍጠጥ ደግሞ የእኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች ልዩ ኪሳራ ነው። ኮሪያኛም እንደ «አንተ» እና «እርስዎ» የአክብሮት ደረጃ አለው፤ እንግሊዝኛው ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። በ«ፓራሳይት» አሠሪው ሾፌሩን የሚያሞግሰው በመካከላቸው ያለውን መስመር ሊያልፍ ይልና አያልፍም ብሎ ነው። ይህ መስመር አነጋገር ውስጥም አለ። ከአንቱታ ጋር ላደገ ሰው ድምፁ ብቻ ብዙ ይነግረዋል።

ቀጥሎ ምን ልይ ካላችሁ፣ የ2009ኙን «ማዘር» እዩ። ሲጀምር አንዲት እናት ሜዳ ላይ ብቻዋን ትጨፍራለች። «ይቺ ሴት ምን ነካት?» ብላችሁ እንዳታሳልፉት።